የአራት ዓመት ልጄ ማስታወቂያ መዝለል ያውቃል፤ ስልክ ያውቃል ማለት ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ልጄ አራት ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ነርሰሪ ጀምሯል። ከአንድ እስከ ሃያ ሲቆጥር አሥራ ሦስትን ሁሌ ይዘላታል። ከአምስት ወደ ታች ሲቆጥር ግን ተሳስቶ አያውቅም። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ከዚያ አውራ ጣቱን የስልኩ ቀኝ ጥግ ላይ ጫን ያደርጋል።

ከየት እንዳመጣው የገባኝ ቆይቶ ነው። ዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ መዝለያው ከመውጣቱ በፊት አምስት ሰከንድ ወደ ታች ይቆጠራል። ልጄ የቁጥሮቹን መልክ ይዟል። ማንም አላስተማረውም። ማንበብ አይችልም። መዝለያው የት እንደሚወጣ ግን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፤ ጣቱን እዚያው አንዣቦ ይጠብቃል።

አባቱ ኮርቶበታል። እናቴም ከእኛ ሁሉ የተሻለ ያውቃል እያለች ለጎረቤት ታወራለታለች። እኔ ግን አንድ ማታ አጠገቡ ተቀመጥኩና ማስታወቂያው ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «የሚጠበቅ ነው» አለኝ። በቃ። ሰውየው ምን እንደሚል፣ ለምን እንደመጣ፣ ከካርቱኑ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አያውቅም። ለእሱ እንደ ትራፊክ መብራት ነው፤ ይጠበቃል፣ ያልፋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቤት ውስጥ ስልክ «አወቀ» የሚባለው መቼ ነው? የሚያስተምረውስ ማነው? ስልኩ ነው ወይስ እኛ ነን? ስለ ሰዓቱ አትንገሩኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን እስከ ሁለት ሰዓት እንደሚፈቅድ አውቃለሁ፣ እኛም ከዚያ አናልፍም። የምጠይቀው ስለ ዕውቀቱ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ዛሬ የጨመርኩት ነው

ጥያቄውን የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነው። እስከ ረቡዕ 27 መልስ መጣ። የመልሶቹ ክር ስለረዘመ፣ አሁን የምትገቡ እንዳትቸገሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ አልደብቅም።

1ኛዋ መላሽ የአዳማ እናት ናት። ልጆቻችንን ያሳድግልን ብላ ጀመረች። የእሷ ሴት ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትፈልገውን ካርቱን በሥዕሉ ቀለም ትለየዋለች። ስልኩ ሲሞት ደግሞ መብራት ሄደ ትላለች። ባትሪና መብራት ለእሷ አንድ ነገር ናቸው። እናትየው ይህን ስትጽፍ ሳቅ ብላ ነው፤ እኔ ግን ልጅቷ ብዙም አልተሳሳተችም ብዬ አሰብኩ። ስልኩ የሚሞላው ከግድግዳው መሆኑን አውቃለች ማለት ነው።

2ኛው መላሽ አረመኝ። በትህትና ነው፣ ግን አልማረኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያወጣው መመሪያ ሁለት ሰዓት አይልም። አንድ ዓመት ላልሞላው ስክሪን ጭራሽ የለም። አንድ ዓመት የሞላውም ቢቀርበት ይመከራል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበትም ያው መመሪያ ይላል። ሄጄ አየሁት፤ ልክ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ትርጉም እንዳያጣ ብዬ የላይኛውን ጽሑፍ አልቀየርኩትም። ቤት ያለውን ግን ከሰኞ ጀምሮ በግማሽ ቀንሼዋለሁ።

3ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው በዕድሜ ጠና ያሉ ይመስላሉ። ስልክ እስከ ሰባት ዓመት የልጅ እጅ መንካት የለበትም አሉ። እኛ ያደግነው በሰኞ ማክሰኞ፣ በድብብቆሽ፣ በጨርቅ ኳስ ነው፤ ምን ጎደለብን አሉ። ለልጁ ስልክ የሚሰጥ ወላጅ ሞግዚት በነጻ የቀጠረ ነው ብለው ዘጉት።

4ኛዋ ይህን አላሳለፈችም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከሥራ አሥራ ሁለት ተኩል ትገባለች። ሽንኩርት እስክታቁላላ ልጆቹ ምን ይሁኑ ብላ ጠየቀች። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበትን መሬት ያሳዩኝ አለቻቸው። ቀጥላም በእርስዎ ቤት ወጥ የሚሠራው ማነው ብላ ጨመረች። 5ኛው የእሳቸው መልስ ነው፤ ተቆጥተዋል፤ ከፊሉን አስተዳዳሪው ስላጠፋው አልደግመውም። እኔ ልቤ ያለው ከ4ኛዋ ጋር ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ማየት አለበት።

ወደ ጥያቄዬ የመለሰችን 6ኛዋ ናት። ባሕር ዳር ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ያስተማረች ናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ። ከክሩ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ የእሷ ነው። ሊዲያ ፕላውማን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ስኮትላንድ ውስጥ ያደረገችውን ጥናት አመጣችልን። እ.ኤ.አ. ከጁን 2008 እስከ ኦክቶበር 2009 ድረስ 14 ቤተሰቦችን በ9 ዙር ተከታትለዋል። ልጆቹ ሲጀመር ሦስት ዓመታቸው ነበር። አይፓድ የወጣው በ2010 ስለሆነ ታብሌት የሚባል ነገር ገና እነዚያ ቤቶች አልደረሰም። ቢሆንም ልጆቹ ቤት ውስጥ ካለው መሣሪያ ሁሉ ይማሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ትምህርቱን በአራት ከፈሉት። አንደኛው መሣሪያውን ማንቀሳቀስ ነው፤ ማብራት፣ መንካት፣ መመለስ። ሁለተኛው በመሣሪያው በኩል ስለ ዓለም ማወቅ ነው። ሦስተኛው የመማር ጠባይ ነው፤ ሲያቅት ደግሞ መሞከር፣ መታገሥ፣ እችላለሁ ማለት። አራተኛው ሰው ይህን መሣሪያ ለኑሮው ምን እንደሚያደርግበት መረዳት ነው።

መምህርቷ እዚህ ላይ ወደ እኔ ልጅ ዞረች። አንደኛው ሞልቶ ፈሶለታል አለች። ሦስተኛውም አለው፤ አምስት ሰከንድ መጠበቅ ለአራት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው በሚያየው ነገር ይወሰናል። አራተኛው ግን ባዶ ነው። ያን ደግሞ ስልኩ ሊሰጠው አይችልም፤ የሚገኘው ከቤተሰቡ ብቻ ነው አለች። እኛ ስልክ ስንይዝ ልጁ የሚያየው የጎበጠ አንገት ነው። አክስቱ ጋ እየደወልን ይሁን፣ ሒሳብ እየከፈልን ይሁን፣ ዜና እያነበብን ይሁን በምን ይለያል? ስለዚህ የምትሠሩትን አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ አለች። አሁን ካርድ ስንት እንደቀረኝ ላይ ነው፣ ኮከብ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ አራት፣ መሰላል ብላችሁ እየነካችሁ አሳዩት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ራሴን ተከታተልኩ። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ልጄ አጠገቤ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልኩን ሰባት ጊዜ አነሳሁ። አንዴም ለምን እንዳነሳሁ አልነገርኩትም።

7ኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አልተስማማም። ልጅ አዋቂ አያስፈልገውም ባይ ነው፤ ማስረጃውም ከዚሁ ከአገራችን ነው። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌቶችን በካርቶን እንደታሸጉ ትቶላቸው ሄደ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲናገር፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የኤቢሲ መዝሙር ይዘምሩ ነበር። በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ማን አስተማራቸው ብሎ ጠየቀ።

8ኛው መልስ ደግሞ የ6ኛዋ መምህርት ነው፤ ትንሽ ጠንከር አለች። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ማንም አይክድም አለች። ግን ብቻቸውን አልነበሩም። በየመንደሩ ሃያ ያህል ሆነው አንዱ ለሌላው ያሳይ ነበር። ትልልቆቹን ሰዎችም በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ ያሳዩዋቸው ነበሩ፤ በየሳምንቱ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን የሚቀይር ባለሙያም ነበር። ደግሞስ የዘመሩት በማን ቋንቋ ነው? በእንግሊዝኛ ነው። እናቶቻቸው አብረዋቸው ሊዘምሩ አይችሉም። ካሜራውን መክፈት የመጀመሪያው ዓይነት ዕውቀት ነው፤ አራተኛውን አይተካም አለች። ይህች ነጥብ 7ኛውን ላታሳምነው ትችላለች። እኔን ግን አሳምናኛለች።

9ኛው አባት ነው፤ ታሪኩ አጭር ነው። ድሮ የሞባይል ካርድ ሲገዛ ፋቂዋ ልጁ ነበረች። በሃያ አምስት ሳንቲም ትፍቃለች፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ትጠራለታለች፣ እሱ ከ*805* በኋላ ያስገባል። ሞልቷል የሚለው መልእክት ሲመጣ ታጨበጭባለች። ቁጥር የለየችው በዚያ ነው። አሁን ሁሉንም በስልኩ ስለሚሞላ የሚፋቅ የለም፤ ታናሹ ወንድሟ ካርድ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አደገ። ነገሩ በቀለለ ቁጥር ለልጅ የሚታየው እንደሚያንስ ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም።

10ኛዋ ከ9ኛው ተቀበለች። የአምስት ዓመት ሴት ልጇ የገንዘብ ማስተላለፊያውን ከፍታ ለማታውቀው ሰው 300 ብር ላከች። የሚስጥር ቁጥሩን ከየት አወቀችው? ቁጥሩን አላወቀችም። ያየችው የእናቷን ጣት ነው፤ ላይ፣ መሃል፣ መሃል፣ ታች። እንደ ጭፈራ ይዛዋለች። እናትየው አልመታቻትም። ቁጥሩን ቀየረችና ይህ የእማዬ ብቻ ነው፣ እኔ ስነካ አንቺ ዞር ትያለሽ ብላ አስረዳቻት። በሳምንቱ ልጅቷ የማይሠራ አሮጌ ስልክ ይዛ ስትጫወት አገኘቻት። ታናሽ እህቷ ጠጋ ስትል ዞር እንድትል አዘዘቻት። ዓይኗን እስክትከድን ድረስም አልነካችም። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛው ዓይነት ዕውቀት የምትለው ይህን መሰለኝ መምህርቷ።

11ኛው በ300 ብሩ ተናደደ፤ ይህ ተረት ተደርጎ የሚወራ አይደለም፣ ቢሆን 30 ሺህም ይሄድ ነበር አለ። እውነቱን ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ አንድን አፕ ብቻ ስክሪኑ ላይ መቸንከር እንደሚቻል አሳየን፤ ቅንብሩ ውስጥ በደኅንነት ሥር ይገኛል። የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ አድርጋችሁ ከቸነከራችሁት ልጁ ካርቱኑን እያየ ወደ ሌላ መውጣት አይችልም። አይፎንም የራሱ ተመሳሳይ ነገር አለው። ጠቃሚ ነው፣ ትናንት ሞክሬዋለሁ።

12ኛዋ መላሽ ክሩ ውስጥ ያልጠበቅኳት ናት። በሰው ቤት ልጅ ትይዛለች። እስካሁን ሁላችሁ ስትጽፉ ሞግዚት የሚለው ቃል ለስድብ ብቻ ነው የወጣው አለች፤ 3ኛውን ማለቷ ነው፣ ሌሎቻችንንም ነው። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምውለው እኔ ነኝ አለች። ስለ ስልክ ሕግ የሚነገረኝ ግን ከተጣሰ በኋላ ነው። አሠሪዎቿ ማታ ልጁ ሲያለቅስ ራሳቸው ይሰጡታል፣ ጠዋት እሷን ይቆጣሉ። በወር አንዴ ለእናቷ ብር ስትልክ ልጁ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። ይህ ብር ለማን ነው ይላታል። ለእናቴ ትለዋለች። ስልኩ ውስጥ እንዴት ይገባል ይላታል። እዚያ ቀበሌ ያለ ወኪል ቆጥሮ ይሰጣታል ትለዋለች። ስለዚህ ያ ልጅ ስልክ ብር እንደሚያደርስና በመጨረሻ የሚቆጥር ሰው እንዳለ ያውቃል። ያስተማረችው ሞግዚቷ ናት። ማንም ለዚህ መልስ ተቃውሞ አልጻፈም። እኔም ቤት ስሄድ ከምታግዘኝ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ሕጉን አብረን አወጣን፤ አስቀድሞ መደረግ የነበረበት ነው።

13ኛዋ ከሪያድ ጻፈች። ልጇን በዓመት ከአምስት ወሩ ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው፤ አያትና ልጅ ኮምቦልቻ ናቸው። አሁን ልጇ አራት ዓመቱ ነው። እናቱን የሚያውቃት በኢሞ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሪው ሁሌ ይቋረጥ ነበር። ኔትወርክ ይመስላት ነበር። ኋላ አያቱ ተመልክታ ነገረቻት፤ ልጁ እናቱን ሊስም አፉን ስክሪኑ ላይ ሲያደርግ ከታች ያለውን ቀዩን ቁልፍ በአገጩ ይነካዋል። ይዘጋል። ያለቅሳል። ማንም አልነገረውም፣ ግን አንድ ቀን ከላይ፣ ካሜራው አጠገብ መሳም ጀመረ። ጥሪው አልተቋረጠም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ነው የሚስማት፤ እሷ የሚታያት ግንባሩ ብቻ ነው። ልጄ ስልክ ያወቀው በዚህ ነው ብላ ጻፈች።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ለእሷ የተጻፉ ናቸው። እህቴ፣ ጽናቱን ይስጥሽ፣ ለመገናኘት ያብቃችሁ የሚሉ ናቸው። 3ኛው ላይ የጻፉት ሰውም ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

17ኛው ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ13ኛዋን ታሪክ የሚያጠናክር ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሮዝቤሪ፣ የሂርሽ ፓሴክና የጎሊንኮፍ ጥናት አለ። ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያሉ ልጆች አዲስ ቃል በሦስት መንገድ እንዲማሩ ተደረገ፤ ከፊት ለፊት ሰው፣ ከቪዲዮ ጥሪ፣ ከተቀዳ ቪዲዮ። ከሰውና ከቪዲዮ ጥሪ ተማሩ። ከተቀዳው አልተማሩም። ልዩነቱ ስክሪኑ ሳይሆን ወዲያ ያለው ሰው ለልጁ መመለሱ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ስክሪን ይቅር ሲል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ትቷል። የእሱ ልጅ ደሴ ካለችው አያቷ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ታወራለች። እነሱ ቁርስ ሲበሉ አያት የከሰዓቱን ቡና ታፈላለች። በእነሱ በጋ ሰባት ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ልጅቷ ይህን በቁጥር አታውቀውም፤ ፓንኬክና ቡና እኩል እንደሚደርሱ ግን ታውቃለች። የሳለችውን ሥዕል ለአያቷ ስታሳይ ወረቀቱን ወደ ስልኩ ጀርባ ታዞር ነበር፤ አያት አልታየኝም ስትላት ነው ካሜራው የት እንዳለ የፈለገችው። አማርኛዋም በዚያው ቀጠለ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚቀናት ልጅ ለአያቷ ስትል አማርኛ ትፈልጋለች።

18ኛዋ ከዚህ ተነስታ ስለ ቋንቋ ጻፈች። ልጆቻችን ከሀ ሁ በፊት ኤቢሲ የሚይዙት የሚያዩት ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው አለች። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ የጀመረችውን የልጆች ዝግጅት፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አነሳች፤ ልጇ ቀጭኔዋን ፀሐይን እንደ ጎረቤት ነው የሚያያት። ከሌላው ይበልጥ የወደድኩት ግን ስለ ድምፅ ጽሑፍ ያለችው ነው። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአምስት ዓመት ልጇ ማይክራፎኑን ነክቶ ይናገራል፤ ፊደሉ ሲወጣ እናቱ በጣቷ እየተከተለች ታነብለታለች። አንድ ቀን አክስቴ መጣች ሲል ስልኩ ሌላ ነገር ጻፈ። እናቱ ስታነብለት ልጁ ስልኩን ገሠጸው፣ ቀስ ብሎም ደገመለት። ስልክ እንደሚሳሳት ገባው። እኔ ይህን ትልቅ ዕውቀት እለዋለሁ፤ የማያውቁት አዋቂዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። 19ኛው የድምፅ ጽሑፉ ጸሎትን በፀሐዩ ፀ ጻፈብኝ ብሎ አማረረ። 20ኛው ምን ልዩነት አለው፣ ድምፁ አንድ ነው አለ። 21ኛው ተነሣበት፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በከንቱ አልተለዩም፣ የቃላቱ የግዕዝ ሥር ይጠፋል አለ። 22ኛው ለሕፃን 33ቱን ፊደል በ7 አባዝቶ 231 ማስያዙ አይበቃም ወይ ብሎ መለሰ። የ21ኛው ነገር ይገባኛል፤ ግን ሌላ ክር ይፈልጋል። 23ኛዋ ልጆቹ ተኝተዋል፣ እናንተ ስለ ሐመሩ ሐ ትጣላላችሁ ብላ መለሰችን።

24ኛዋ ስለታማ ናት። ሁላችሁም ልጅ ምን እንደሚነካ ትጨነቃላችሁ፤ እናንተ ስለ እሱ የምትለጥፉትስ አለች። የልደቱን፣ የታመመበትን፣ ገላውን ሲታጠብ የተነሣውን ሁሉ ለማያውቁት ሰዎች አሳይታችሁ ስታበቁ የሚስጥር ቁጥር አስተምራለሁ ማለት አይያያዝም አለች። 10ኛዋን ጠቅሳ ነው፤ ግን አመመኝ። ልጄ ሲወለድ የለጠፍኩት ፎቶ አሁንም አለ። የእሷ ልማድ ከመለጠፏ በፊት ልጇን መጠየቅ ነው። አምስት ዓመቱ ነው። አንዳንዴ እምቢ ይላታል፣ እሷም ትተወዋለች።

25ኛው ላይ 3ኛው ሰው ተመለሱ። ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ግን ስለ አባታቸው ሬዲዮ ጻፉ። ከአባታቸው በቀር የሚነካው አልነበረም። ባትሪው ሲደክም ልጆቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ዜና ሰዓት ሁሉም ጸጥ ይላል። ዜናው ሲያልቅ አባት የተባለውን ለእናት በራሱ ቃል ይነግራታል፣ አንዳንዱን ደግሞ ይህ ውሸት ነው ይላል። ሬዲዮ ውሸት ሊያወራ እንደሚችል የተማርኩት በስድስት ዓመቴ ነው አሉ። እሳቸው ስልክ ይከልከል ለማለት ነው የጻፉት። እኔ ያነበብኩት ሌላ ነው። ሬዲዮውን ሳይነኩ ሬዲዮ አወቁ፤ አጠገባቸው የሚናገር አባት ነበር። 6ኛዋም ወዲያው ወደደችላቸው።

26ኛው ልጁ ስልክ ሲነጠቅ መሬት ላይ የሚንከባለልበት አባት ጥያቄ ነው። 27ኛዋ ከመጀመሩ በፊት ስንት እንደሚያይ ከልጁ ጋር ተስማማ አለችው፤ ሁለት ካርቱን ከተባለ ሁለት፣ መዝጊያውንም ራሱ ይንካ። መሃል ላይ ከመንጠቅ ራሱ ሲዘጋ ለቅሶው ይቀንሳል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አስቀድሞ የወረደ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ሌላ ተከትሎ አይመጣም።

28ኛው የእኔ ነው። ትናንት ማታ አብሬው ተቀመጥኩ። ማስታወቂያው መጣ፤ ጣቱ አንዣበበ። እጄን በእጁ ላይ አድርጌ እስቲ ዛሬ አንዝለለው አልኩት። የልብስ ሳሙና ነበር። ሰውየው ምን እያለ እንደሆነ ነገርኩት፤ ሳሙና አለኝ፣ ግዙኝ እያለን ነው አልኩት።

«እኛን?» አለኝ።

«አዎ፣ እኛን።»

ወደ መታጠቢያ ቤቱ አየ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ሳሙና አለን» አለው። ሰውየው ማውራቱን አላቆመም። ልጄ ትንሽ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ።

«ሳሙና የላቸውም ብሎ ማን ነገረው?»

እስከ አሁን አልመለስኩለትም። ዛሬ ማታ እንደገና ይጠይቀኛል። ለአራት ዓመት ልጅ በሚገባ አማርኛ ይህን እንዴት እንደማስረዳው የምታውቁ ጻፉልኝ።